ጠያቂ ሲቀር የሚመጣ በዓል

ከአረፋ በዓል አስቀድሞ በተደረገው የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

 

ሒሳብ የምንሠራ ሰዎች እዚህ ፊት የምንቆመው አብዛኛውን ጊዜ ገቢና ወጪ ለማንበብ ነው። ዛሬ የተጠየቅነው ግን ስለ ሌላ ጉዳይ ነው። በማኅበራችን ውስጥ የካንሰር ሕክምና ላይ ያለን፣ ሕክምናውንም ጨርሰን በማገገም ላይ ያለን ሴቶች አለን። «እኛ» ስንል ስለ ራሳችንም፣ ከጎናችን ሆነው ስለሚያስታምሙን እህቶችና ልጆችም ነው። ልናወራችሁ የፈለግነው በበዓል ሰሞን ስለሚብሰው ብቸኝነት ነው።

አንዳንዶቻችሁ «በጨፋ ምድር ሰው ብቸኛ ይሆናል እንዴ?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ አገራችን ሰው የማይጠፋበት አገር ነው። ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል፤ የማያውቁት መንገደኛ ሳይቀር «አረሂቡ» ይባላል። በበጋ የቦርከና ዳር ሣርና ውኃ አፋሩንም አርጎባውንም ኦሮሞውንም ከነከብቱ ይሰበስባል። እንዲህ ባለ አገር ብቸኛ የሆነችን ሴት ብትፈልጓት የምታገኟት ሰው በሞላበት ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህም ማንም አያያትም።

በሽታው የተሰማ ሰሞን ቤቱ ይሞላል። ጥየቃ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም እንደ ዕዳ ነው፤ ብርቱካኑ፣ ስኳሩ፣ ቡናው ይመጣል፣ ብር በመሐረብ ተቋጥሮ ትራስ ሥር ይደረጋል። ያደረጋችሁልን ሁሉ አላህ ይስጣችሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ነገር ግን የእኛ ሕመም እንደ ወባ በሁለት ሳምንት የሚለቅ አይደለም። የጡት ካንሰር የተገኘባት ሴት ቀዶ ሕክምና ይኖርባታል፤ ኬሞቴራፒው አብዛኛውን ጊዜ በየ21 ቀኑ እየተሰጠ ወራት ይፈጃል፤ ጨረር የታዘዘላት ደግሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ለሳምንታት ትመላለሳለች። ከዚያም ታሞክሲፈን የሚባለው ክኒን የታዘዘላት ሴት በየቀኑ ለ5 ዓመት፣ አንዳንዷም ለ10 ዓመት ትውጣለች። ጥየቃው በአንድ ጊዜ ተከፍሎ ያልቃል፤ ሕመሙ ግን በየወሩ የሚከፈል የረጅም ጊዜ ዕዳ ነው።

ቅሬያችንን እንመልከት። ሰው ሲሞት ጥሪ ይደረጋል፣ መዝገብ ይወጣል፣ ድንኳንና ዕቃው ይመጣል፣ የቀረ ይቀጣል። ሀብታም ነው ድሃ ነው፣ ኦሮሞ ነው አማራ ነው አይባልም። ቅሬ ባይኖር ኖሮ ስንቱ ቤት በሐዘን ጊዜ ባዶውን ይቀር ነበር! ከሞት አፋፍ ተመልሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቤቷ ለምታገግም ሴት ግን የሚደረግ ጥሪ የለም፣ የሚወጣ መዝገብም የለም። ሁሉም ሌላው ጠይቋታል ብሎ ያስባል።

በዓል የሚመጣው በዚህ መካከል ነው።

መጀመሪያ ከቤቷ ርቃ በዓሉ ስለሚደርስባት ሴት እንናገር። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና የሚሰጥበት ብቸኛ ቦታ ነበር። አሁን እንደ ጅማ ባሉ ቦታዎችም ተጀምሯል፤ ከእኛ አካባቢ ግን አሁንም መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ነው። ከከሚሴ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አጣዬን፣ ሰንበቴን፣ ሸዋሮቢትን አልፋችሁ ጣርማ በር ስትደርሱ የጨፋን ሙቀት የለመደ ሰውነት፣ ያውም ደም ያነሰው ሰውነት፣ በብርዱ ይንቀጠቀጣል። መንገዱም ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ አካባቢያችን በደረሰ ጊዜ ሕመምተኛ ቀርቶ ጤነኛውም መውጫ አልነበረውም።

አዲስ አበባ ዘመድ ያላት ዘመዷ ዘንድ ታርፋለች፣ የሌላት አልጋ ትከራያለች። ልጃቸውን በካንሰር ያጡ ወላጅ በስሙ ያቋቋሙት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሕሙማን ማረፊያ አለው፤ ይህን የማያውቁ ብዙ ስለሆኑ ለምታውቋቸው ንገሩልን። እንግዲህ የበዓሉ ዕለት የሕክምና ቀጠሮ የለም፣ ወደ አገር ቤት ሄዶ ለመመለስም ጊዜው አይበቃም። ሴትየዋ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ወደ ቤት ትደውላለች። ከወዲያ በኩል ጫጫታ ነው፤ ልጆች ይጮኻሉ፣ እንግዳ ይገባል፣ «አይሰማም፣ ቆይተሽ ደውዪ» ይባላል። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። እሷ ግን ስልኩን ዘግታ ቤቷ ያለሷ እንደሚሞላ ታስባለች። ለዚህ መላው ቀላል ነው። በዓሉ ዕለት ሳይሆን በዋዜማው፣ ጸጥ ባለ ሰዓት፣ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ለብቻው ወጥቶ ይደውልላት። የሥጋውን ነገር፣ የልጆቹን ልብስ፣ ከብቱን፣ የጎረቤቱን ጠብ ሳይቀር ይንገራት። ምክሯንም ይጠይቃት። «በጉን ከማን እንግዛ?» የሚል ጥያቄ «አብሽሪ፣ ትድኛለሽ» ከሚል አሥር ቃል ይበልጥባታል።

ቤቷ ስለምትውለው ሴት ደግሞ የምንለው ይበዛል።

የበዓል ቤት ሽታ አለው። ሽንኩርቱ ይቁላላል፣ ቅቤ ይነጠራል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ለጤነኛ ሰው የደስታ ሽታ ነው። ኬሞቴራፒ ላይ ላለች ሴት ግን ያ ሽታ ሆድ ያገላብጣል። ስለዚህ ጓዳ ትገባለች፣ በሩን ትዘጋለች። እንግዳው «ምነው አትወጣም?» ይላል፤ አማቶቿ «ደክሟት ነው» ይላሉ። ሰዓቱ እየሄደ ሲመጣ መጠየቁም ይቀራል። ከጓዳ ሆኖ የራስን ቤት ሳቅ መስማት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። እዚህ ላይ የምንለው ትንሽ ነገር ነው፦ ቁሌቱ ከተቻለ ጎረቤት ቤት ወይም ግቢ ውስጥ ይሁን፣ ምግቡም ቀዝቀዝ ብሎ ይቅረብላት። የቀዘቀዘ ምግብ ሽታው ይቀንሳል።

የፀጉር ነገርም አለ። «እናንተ እኮ ሂጃብ ትለብሳላችሁ፣ ማን ያያል?» የሚሉን አሉ። ወንድ አያይም፣ ልክ ነው። የዒድ ዋዜማ ግን ሴቶች ለብቻ ተሰብስበን ሻሻችንን አውልቀን ፀጉር የምንሠራራበት፣ ሒና የምንቀባባበት ሰዓት ነው። የተሸፈነው የሚገለጠው በገዛ እህቶቻችን መካከል ነው። ፀጉሯ የረገፈ ሴት ያን ምሽት «ራሴን አሞኛል» ብላ ትቀራለች። ፀጉሩ ሕክምናው ካለቀ በኋላ በወራት ውስጥ ተመልሶ ይበቅላል፤ ያ ምሽት ግን አልፏል። መድኃኒቱ ፊትና ጥፍር ያጠቁራል። «ምነው ጠቆርሽ? ምነው ከሳሽ?» የሚባለው ሰላምታ በሌላ ጊዜ ምንም አይደለም፤ ለእኛ ግን በየበሩ የሚነበብ የሐኪም ወረቀት ነው። ጡቷ በቀዶ ሕክምና የወጣ ሴትም አዲስ ቀሚስ አትወድም፤ በአንድ ወገን ይሰለባል። ስፌት የምትችሉ አባሎቻችን ከንጹሕ ጨርቅና ከጥጥ የጡት ማስያዣ ውስጥ የሚገባ ትራስ መስፋት ትችላላችሁ። ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ለአንዲት ሴት ግን ከበዓል መቅረትና አለመቅረት ነው።

ከሁሉ የሚብሰው የመጣው ሕክምናው ካለቀ በኋላ ነው። ሐኪሙ «ጨርሰሻል፣ ለክትትል ብቻ ትመጫለሽ» ይላል። ቤተሰቡ ይደሰታል፣ ሰደቃ ያወጣል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴትየዋ ጤነኛ ተብላ ትመዘገባለች። ድካሙ ግን አልለቀቃትም፤ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ሌሊት ወገቧን ሲያማት «ተመልሶ ይሆን?» ትላለች። የክትትል ቀጠሮዋ ሲቃረብ እንቅልፍ ያጥፋል። ይህን ለማን ትንገር? ብትናገር «አልሐምዱሊላህ በይ እንጂ፣ አላህ አድኖሽ ሳለ!» ትባላለች። ስለዚህ ዝም ትላለች። በሕክምናው ጊዜ ቢያንስ ሐኪምና ነርስ ነበሯት፣ አጠገቧ አልጋ የያዘች አንድ ዓይነት ሴት ነበረች። አሁን እነሱም የሉም።

በዚህ ሰዓት በዓል ሲደርስ ወይ ሥራው ሁሉ ይጫንባታል፣ ወይ ጨርሶ ይነፈጋታል። ሁለቱም ይጎዳል። የብብቷ ዕጢ የወጣ ሴት ክንዷ ሊያብጥባት ስለሚችል ከባድ ጀሪካን መሸከም፣ ትልቅ ድስት ማንሳት አይገባትም፤ በዚያ ክንድ ላይ የቢላ ቁርጠትና የዘይት ቃጠሎም ቶሎ ያመረቅዛል። ይህን የሰማ ቤተሰብ ደግሞ «አንቺ ተቀመጪ» ይላታል። ሃያ ዓመት የዒድን ቤት ስታስተዳድር የኖረች ሴት እንደ እንግዳ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ሌላ ሰው ጓዳዋን ሲያተረማምስ ታያለች። እኛ እንደምናየው ከሥራው ድካም ይልቅ የሚያሳምመው ይህ ነው። ተቀምጣ ሳንቡሳ ትጠቅልል። ቅመሙን እሷ ትለካ። ሥጋው ሦስት ቦታ ሲከፈል፣ ለቤት፣ ለዘመድና ጎረቤት፣ ለችግረኛ፣ ለማን ምን እንደሚላክ እሷ ትናገር። ቡናውን በደህናው እጇ ትቅዳ። ሥራ ሲሰጧት ሰው መሆኗን ይመሰክሩላታል።

አሁን ዝም ብለን ማለፍ ወደማንችለው ጉዳይ እንምጣ፤ ሕይወት ያለበት ነውና። በረመዳን ክኒናቸውን የሚያቋርጡ ሴቶች አሉ። ጾሙን ያበላሻል ብለው፣ ወይም ከሌላው ተለይቶ መዋጥ አፍሮባቸው። እህቶቻችን፣ እንደ ታሞክሲፈን ያለ በቀን አንዴ የሚዋጥ ክኒን በሱሑር ወይም በኢፍጣር ሰዓት ሊወሰድ ይችላል፤ ሐኪማችሁን ጠይቃችሁ ሰዓቱን አስተካክሉ እንጂ አንድ ወር ሙሉ አትተዉት። በቀን ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ መድኃኒት ያላት፣ ኬሞ ላይ ያለች ደግሞ ሳትጾም በፊት ሐኪሟን ታማክር። ቁርኣን በሽተኛውንና መንገደኛውን ፈቅዶላቸዋል፤ በሌላ ቀን ያካክሳሉ፣ ማካካስ የማይችልም ችግረኛ ያበላል። ክርስቲያን እህቶቻችንም የነፍስ አባታቸውን ቢጠይቁ ለታመመ ሰው ጾሙ እንደሚቀልለት ይነግሯቸዋል። ፈቃዱ አለ። የሌለው አብሮ የሚበላ ሰው ነው። መንደሩ ሁሉ ሲጾም ቀን በር ዘግቶ ብቻን መብላት እንደ ሌባ ያስቆጥራል። በየሰፈሩ የሚያጠቡ፣ እርጉዝ የሆኑ፣ በሌላ ምክንያት የማይጾሙ ሴቶች ይኖራሉ። ምሳቸውን ይዘው አንዷ ጋር ቢሰበሰቡ የሚነውር ነገር የለውም።

ሁለተኛው ቀን መቁጠር ነው፤ እዚህ ላይ ሙያችን ይጠቅማል። ኬሞ ከተሰጠ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ድረስ በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሕዋስ ዝቅ ይላል። እንግዲህ የአረፋ ቀን ሲታወቅ መድኃኒቱ የተሰጠበትን ቀን ይዞ መቁጠር ነው። በዓሉ በ3ኛው ቀን ከዋለ ማቅለሽለሹ ይበረታል፤ በ10ኛው ቀን ከዋለ ደግሞ ብዙ ሰው መሳሳሙ፣ ያልበሰለ ሥጋውና ያልፈላ ወተቱ ያሰጋል፤ በ18ኛው ቀን ከዋለ ብዙዎቻችን ደህና እንሆናለን። በ10ኛው ቀን ላይ ያለች ሴት በዓሉ ይቅርባት ማለታችን አይደለም። እንግዳው ውጪ ጥላ ሥር ይቀመጥ፣ ጉንፋን የያዘው ይቅር፣ እጅ ይታጠብ፣ ሰላምታው በእጅ ደረት ላይ ይሁን፣ ሥጋው በደንብ ይብሰል። ትኩሳት ከተሰማት ግን በዓል ነው ብላ እንዳታሳድር፤ ያኑ ዕለት ሆስፒታል መሄድ አለባት። «በዓሉን ላለማደፍረስ» ብሎ ትኩሳት መደበቅ የሰው ነፍስ ያጠፋል።

ወዳጃችንም በዚሁ ይታይ። በወሎ ሰው ሲታመም ተሰብስቦ፣ ቡና አፍልቶ፣ ዱዓ ማድረግ ከጥንት የኖረ ነው። ለብቸኝነት ከዚህ የተሻለ መድኃኒት የፈጠረ አገር አናውቅም፤ ታማሚዋ መካከል ላይ ተቀምጣ ስሟ ተጠርቶ ይለመንላታል። የምንለምነው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ የሆስፒታል ቀጠሮን የሚያስቀር አይሁን፤ የታመመች ሰሞን ብቻ ተደርጎ አይቅር፣ ከሕክምናው በኋላም ይደገምላት።

የዚህ ሐሳብ ምንጭ እኛ ብቻ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1952 በኒው ዮርክ ቴሬስ ላሰር የምትባል ጡቷ በቀዶ ሕክምና የወጣ ሴት እንደሷ ያሉትን ሴቶች እየዞረች መጠየቅ ጀመረች። ክንድ ለማፍታታት የሚሆን የጎማ ኳስና ገመድ ይዛላቸው ትሄድ ነበር። ሐኪሞች መጀመሪያ አልወደዱላትም፤ ኋላ ግን ሥራዋ በብዙ አገሮች ተስፋፋ። ቁም ነገሩ ጠያቂዋ በዚያው መንገድ ያለፈች መሆኗ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ፣ በአሜሪካ ነርሶችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ደግሞ የጡት ካንሰር ከያዛቸው መካከል የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛና ልጅ የሌላቸው ሴቶች በብዛት እንደሚሞቱ አሳይቷል፤ አንዱ ምክንያት የሚያስታምማቸው ሰው ማጣታቸው ነው ተብሏል። እኛ ደግሞ ሰው ሞልቶን ሳለ ሥርዓት በማጣት እንዳይሆን እንፈራለን።

ስለዚህ የምናቀርበው ይህ ነው። እንደ ቅሬው መዝገብ የበዓል ጥየቃ መዝገብ ይከፈት። ስሟ የሚገባው ራሷ ከፈቀደች ብቻ ነው፤ በሽታዋ ምን እንደሆነም አይጻፍም። ብዙዎቻችን ካንሰር ወይም ነቀርሳ የሚለው ቃል በስማችን ላይ እንዲነሳ አንፈልግም፤ ኩባያ የሚለዩብን ሰዎች ገና አሉ፤ በሽታው ከሰው ወደ ሰው በኩባያ የማይተላለፍ ሆኖ ሳለ። ለእያንዳንዷ ሁለት ጠያቂ ይመደብላት፤ የሚቻል ከሆነ አንዷ ሕክምናውን ያለፈችበት ትሁን። በዓሉ ሳይደርስ አንድ ሳምንት አስቀድመው ሄደው ቀኑን ይቁጠሩላት፣ ምን መሥራት እንደምትፈልግ ይጠይቋት። በዓሉ ካለፈ በሦስተኛው ቀንም ይመለሱ፤ እንግዳው ሁሉ ሄዶ ቤቱ ጭር የሚለው ያኔ ነው። የተጠያቂዋ ሃይማኖት አይለይ። ወሎ ላይ ክርስቲያኑ ለሙስሊም እንግዳው ለብቻ ያሳርዳል፣ ሙስሊሙም ለክርስቲያኑ እንዲሁ፤ ይህ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። ጠያቂ የሚባክንበትን ወሬም አስቀድመን እንከልክል፦ «እገሊትም በዚሁ ነው የሞተችው» የምትል ጠያቂ ከዝርዝሩ ትውጣ።

ገንዘቡን በሚመለከት፣ ድጋፍ ለምታደርጉልን ወገኖች ግልጽ እንሁን። ጥየቃው ራሱ ገንዘብ አይጠይቅም። ገንዘብ የሚጠይቀው የመንገዱ ነው፦ የአውቶቡስ ደርሶ መልስ፣ የአስታማሚዋም ጭምር፣ የአዲስ አበባ ማደሪያ፣ ከዋዜማው የሚደወልበት የስልክ ካርድ። ለምሳሌ 40 አባላት በወር 30 ብር ቢያስቀምጡ በወር 1,200፣ በዓመት 14,400 ብር ይሆናል። የአንዲትን ሴት ሕክምና አይችልም። በበዓል ሰሞን የትራንስፖርት ዋጋ ሲጨምር ቀጠሮ እንዳያመልጣት ግን ያግዛል። እርዳታችሁን ስትልኩ «ለበዓል» ብላችሁ ለሥጋ መግዣ ብቻ አትላኩልን፤ ከፊሉን «ለክትትል መንገድ» ብላችሁ ጻፉበት። በዚያ ርዕስ ከጻፋችሁት በዚያ ርዕስ ብቻ ወጪ ይሆናል፤ ደረሰኙንም በየሦስት ወሩ ታዩታላችሁ።

መዝገቡ በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። መጠየቅ የምትፈልጉ በሰማያዊው ደብተር፣ መጠየቅ የምትችሉ በቀዩ ደብተር ፈርሙ። ፊት ለፊት መጻፍ የከበዳት ቡናው ሲቀዳ ለአንዳችን በጆሮ ትንገረን። ከአረፋ በፊት ያለው ሳምንት ሰኞ ይጀምራል፣ የመጀመሪያዎቹ ጠያቂዎችም የሚወጡት በዚያው ዕለት ነው።